መጨረሻው የታወቀ ፊልም

ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ በመኪና ነው። ከትልቅ ከተማ የተነሣች፣ ሥራ የበዛባት፣ ስልኳ ከጆሮዋ የማይለይ ወጣት ሴት ወደ ተወለደችበት ትንሽ ከተማ ትነዳለች። አባቷ ሞቶ የእንግዳ ማረፊያውን ልትሸጥ ነው፤ ወይም እናቷ ታማ ዳቦ ቤቱን ልታግዝ። ከከተማዪቱ ዳር ስትደርስ መኪናዋ በረዶ ውስጥ ትቆማለች፤ ወፍራም ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ አናጢ መጥቶ ይገፋላታል። አንባቢ ሆይ፣ የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ። አናጢው ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ አንዲት ብልህ ሴት ልጅ አለችው። በአደባባዩ የቆመው ዛፍ መብራት ሲበራ ሁለቱ ሊሳሳሙ ይቃረቡና አንድ ሰው ያቋርጣቸዋል። ሊያበቃ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው በአንድ ባልተጣራ ወሬ ይቀያየማሉ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ይሳሳማሉ፤ በረዶም ይጥላል።

እነዚህን ፊልሞች በብዛት የሚያሳየው ሆልማርክ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ነው። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስሙን ያገኘው በ1910 በካንዛስ ሲቲ ፖስት ካርድ በመሸጥ ሥራ ከጀመረው የመልካም ምኞት ካርድ ኩባንያ ሲሆን፣ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ2001 ነው። ከ2009 ወዲህ ደግሞ በዓሉ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ጀምሮ የገናን ፊልም ሌት ተቀን ያከታትላል። ከካርድ ነጋዴ መወለዱ አያስገርምም። ፊልሞቹ ራሳቸው ካርድ ናቸው፤ ከፊት ሥዕል፣ ከውስጥ አስቀድሞ የታተመ ምኞት፣ ከታች ስምህን የምትጽፍበት ባዶ ቦታ።

እኔ ቀን በባንክ መስኮት ብር፣ ማታ በጠረጴዛዬ ስንኝ የምቆጥር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ፊልም መናቅ ግጥም እሞክራለሁ የሚል ሰው ሁሉ ግዴታ ይመስለኝ ነበር። ታላቅ እኅቴ ግን ትወዳቸዋለች። ሜሪላንድ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ባልቴት ትንከባከባለች። ባልቴቷ ከጥቅምት መጨረሻ አንሥቶ ከዚህ ጣቢያ ሌላ አይከፍቱም። እኅቴም እርሳቸውን እያጎረሰች፣ መድኃኒታቸውን እያቀረበች፣ አንዱን ፊልም ከሌላው ሳትለይ ትውላለች። ባለፈው ዓመት በፊልሞቹ የሚቀልድ ግጥም ጽፌ በስልክ አነበብኩላት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ዝም አለች።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስትዘጋ ትውላለህ» አለችኝ በኋላ፤ «ማታ የሚያስደንቅህ ነገር ብትሻ አልፈርድብህም። እኔ ግን መጨረሻውን የማላውቀው ነገር በቤቴ ሞልቷል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አላጣሁትም። የጥገኝነት ማመልከቻዋ ውሳኔ ሳያገኝ ዓመታት አልፈዋል። ከአገር ብትወጣ መመለሷ አጠራጣሪ ነውና፣ ከሁለት ዓመት በፊት አባታችን ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፍ አልመጣችም። ለቅሶውን በስልክ ሰማች። ስልኩን ይዤ ከድንኳኑ ጥግ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ወደ ሴቶቹ አስጠጋው» አለችኝ።

ከዚያ ንግግር በኋላ ያን የመኪና ጉዞ እንደገና አየሁት። አናጢው ምክንያት ነው እንጂ ዋናው ጉዳይ እርሱ አይደለም። ዋናው ጉዳይ መድረስ ነው። ልጅቱ ዳቦ ቤት ስትገባ ባለቤቷ በስሟ ይጠሯታል፤ በልጅነቷ የምትወደው ኬክ የትኛው እንደነበር አልረሱም። የመኝታ ክፍሏ እንደተወችው ነው፤ የአባቷ መሣሪያ በግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አሥር ዓመት የት እንደነበረች የሚጠይቅ ይኖራል፤ ለምን መጣሽ የሚል ግን የለም። መግቢያ ወረቀት የሚጠይቅማ ከቶ የለም። መሳሳሙን ብትቆርጠው ፊልሙ ፊልም ሆኖ ይቀራል፤ መድረሷን ብትቆርጠው ግን ምንም አይተርፍም።

በረዶው እንኳ ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው። አብዛኞቹ የሚቀረጹት በካናዳ፣ አንዳንዶቹም በበጋቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ከኦታዋ ብዙም የማትርቀው አልሞንት የተባለች ትንሽ ከተማ የአሜሪካ ከተማ መስላ ደጋግማ ተቀርጻለች። ተዋንያኑ በሙቀት መካከል ካፖርት ደርበው በአረፋና በጥጥ ላይ ይራመዳሉ። የሁሉም አያት የሆነው የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በ1946 ሲሠራ በካሊፎርኒያ ሙቀት ነው የተቀረጸው፤ ለዚያ ፊልም የተቀመመው የአረፋ በረዶ ከኦስካር ሰጪዎቹ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ራሱ በወቅቱ ብዙ ገበያ አላገኘም። የባለቤትነት መብቱ በ1974 ሳይታደስ በመቅረቱ ጣቢያዎች በነፃ ደጋግመው አሳዩት፤ እንዲህ ሆኖ የየቤቱ የገና ልማድ ሆነ።

ያን ፊልም ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ልቡ ሳይመታ ሊያየው አይችልም። ከቁጠባና ብድር ቤቱ 8,000 ዶላር ይጠፋል፤ አጎትየው ገንዘቡን ከጋዜጣ ጋር ጠቅልሎ ሳያውቅ ለባለጸጋው ለፖተር ያስረክበዋል። እኔ በአንዲት ባለመቶ ብር ጉድለት እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ። መጨረሻ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ገንዘብ ይዞ ሲጎርፍ ሌላው ተመልካች ያለቅሳል፤ እኔ ይህ ገቢ በየትኛው ሒሳብ እንደሚመዘገብ አስባለሁ፤ ከዚያ አለቅሳለሁ። ፖተር ግን አይቀጣም፤ የወሰደውንም አይመልስም። በኋለኞቹ ፊልሞች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፤ እዚያ ማረፊያውን በዕዳ ሊወርስ የመጣው የባንክ ሰው እንኳ (ክፉው ብዙ ጊዜ የሙያ ባልደረባዬ ነው) በዋዜማው ልቡ ይራራል።

ስለ ሐሰተኛ በረዶ ይህን ያህል የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ሲንጀር መኪናው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ እርሱ ጋቢውን ደርቦ ሲረግጠው እንሰማ ነበር፤ የምንነቃው በዚያ ድምፅ ነው። ከተዝካሩ በኋላ ሲንጀሩን ሸጥነው። ሁለቱንም ክፍል አከራየን፤ አንዱ የእኅቴ ነበር። እርሷ ግን አልፎ አልፎ፣ በሌላ ወሬ መካከል፣ «ሲንጀሩ እዚያው ነው?» ትለኛለች። «እዚያው ነው» እላታለሁ። መጀመሪያ የተናገርኩት ሳላስብበት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን አስቤበት ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ 16፣ የፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ አብረን አንድ ፊልም አየን። እርሷ ዘንድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ እኔ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ስልኳን በቴሌቪዥኑ ፊት አቆመችልኝ። (እኛ ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ ነን፤ የንስሐ አባቴ ይህን እንዳያነቡ።) ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ምስሉ ይቆምና ድምፁ ብቻ ይቀጥላል፤ ግን ያመለጠኝ ነገር አልነበረም። ባልቴቷ አንቀላፍተው ነበር። ልጅቱ መኪናዋ ተገፍቶላት፣ ከተማ ገብታ፣ የአባቷን የሥራ ቤት በር በቁልፍ ከፈተች። ዕቃው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ እንደነበረው ቆሟል።

እኅቴ ድምፁን ቀነሰችው።

«ሲንጀሩን ጨርቅ ታለብሱታላችሁ? አቧራ ያበላሸዋል እኮ» አለችኝ።

«እናለብሰዋለን፣ እትዬ» አልኳት።