ያለ አውቶሞቢል ወደ ቬኒስ

በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ብርዱ ሊያልፍና ጸደይ ሊጀምር ሲል፥ ይኸውም በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መባቻ፥ ለሁለት ሦስት ቀን ወጣ ብለው አንድ ከተማ አይተው ለመመለስ ይመኛሉ። ነገር ግን አውቶሞቢል የሌለው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃናትና ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አረጋዊት እናት ያሉበት ቤተ ሰብ፥ «እኛ በምን እንሄዳለን?» እያለ አሳቡን ይተወዋል። ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ የምናመለክተው ከተማ ቬኒስ ነው፤ በዚያ ባለ አውቶሞቢሉም ቢሆን መኪናውን ከከተማው በር ላይ አቁሞ እንደ ሌላው ሰው በእግሩና በጀልባ ይሄዳልና።

ከተማዋ ጥልቀት በሌለው የባሕር ሰላጤ ውስጥ በብዙ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። የምድር ባቡር ድልድይዋ የተከፈተው በ1846 ሲሆን፥ የአውቶሞቢሉ መንገድ የተጨመረው ግን በ1933 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ስለዚህ ባቡሩ የቀደመ መብት አለው። ከሚላኖ በሁለት ሰዓት ተኩል፥ ከሮማ በአራት ሰዓት ገደማ ሳንታ ሉቺያ ከተባለው ጣቢያ ያደርሳል፤ ከጣቢያው ደጃፍ ደረጃውን እንደ ወረዱ ታላቁ ቦይ ከፊት ይታያል። የሕዝቡ ጀልባ ቫፖሬቶ ይባላል፤ እኛ «ባቡር» የምንለው ቃልም የዚሁ የቫፖር ዘመድ ነው። በ2025 የአንድ ጉዞ ቲኬት 9 ዩሮ ከ50፥ የሦስት ቀኑ ደግሞ 45 ዩሮ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚሳፈር የሦስት ቀኑ ይሻላል።

የዚህች ከተማ ድካሟ ድልድይዋ ነው። ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች አሏት፤ የሚበዙትም ባለ ደረጃ ናቸው። ጕልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም የሕፃን ጋሪ ያለው ቤተ ሰብ ማረፊያ ሲፈልግ ከዋጋው አስቀድሞ «ከጀልባው ማቆሚያ እስከ ቤታችሁ ስንት ድልድይ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ምንም የለም» ወይም «አንድ ብቻ» ከሆነ፥ ክፍሉ ቢጠብም እንኳ ይያዝ። ብዙ ሰዎች ርካሽ ነው ብለው ከድልድዩ ወዲያ ማዶ በሜስትሬ ያድራሉ፤ በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ለወጣቶች መልካም ነው፤ እናታችን ግን ቀትር ላይ ሲደክማቸው ጋደም የሚሉበት አልጋ በቅርብ ከሌለ ጉብኝቱ ያን ጊዜ አለቀ ማለት ነው። ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀኖች ውለው ከሚመለሱ ጐብኝዎች የሚጠየቀው የመግቢያ ገንዘብም በከተማው ውስጥ የሚያድሩትን አይመለከትም። ጭምብል የሚለበስበት የካርኒቫል በዓል ካለፈ በኋላ መሄድ ይገባል፤ በበዓሉ ሰሞን መንገዱ በሰው ይጨናነቃል።

ብርዱና ጭጋጉ ገና አልሄደምና ወፍራም ካፖርት ያስፈልጋል። ባሕሩ ከመጠን በላይ እንደሚሞላ ሲታወቅ ከ2020 ወዲህ በሰላጤው አፍ ላይ የተሠሩት የብረት መዝጊያዎች ይነሣሉ፤ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ግን ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በትንሹም ውኃ ሊረጥብ ይችላል።

ወደዚህ አደባባይ ለሚመጣ ኢትዮጵያዊ ቦታው የባዕድ አይደለም። የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም በ828 በቬኒስ ነጋዴዎች እጅ ከእስክንድርያ ወደዚህ መጣ። ጠባቂዎቹ እንዳይነኩት የአሳማ ሥጋ ደርበውበት ነበር ተብሎ ይተረካል፤ ነገሩን ቬኒሳውያን እንደ ጀግንነት ይቈጥሩታል፥ የእስክንድርያ ሰዎች ግን ምን ብለው እንደሚጠሩት መገመት አያስቸግርም። ቤተ ክርስቲያናችን በ1959 የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘች ድረስ ከዚሁ ከቅዱስ ማርቆስ መንበር በታች ነበረች። በ1968 ከዐፅሙ ከፍሎ ለግብጽ የተመለሰ ጊዜም፥ በካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ልጆች ይህን አስቀድመው በቤት ቢሰሙት ከ8,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆነውን የወርቅ ሞዛይክ እንደ ጌጥ ብቻ አያዩትም።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን ገጸ በረከት ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኵሴ የሠራው ትልቁ የዓለም ካርታ ደግሞ፥ በኮሬር ሙዚየም በኩል በሚገባበት በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይታያል። ኢትዮጵያን የሣለው የአገሩ ተወላጆች የሆኑ መነኮሳት በገዛ እጃቸው ነድፈው እንዳሳዩት መሆኑን ራሱ ጽፎበታል፤ የእነዚያን አባቶች ስም ግን አልጻፈም። እኛ ከከተማው ሥዕል ሁሉ ይልቅ በዚህ ካርታ ፊት ረዘም ያለ ጊዜ ቆምን።

ሁለተኛው ቀን ለቶርቼሎ ደሴት ይሁን። ከፎንዳሜንቴ ኖቬ 12 ቁጥር ጀልባ ይዞ እስከ ቡራኖ፥ ከዚያም በ9 ቁጥር መሻገር ነው። ጀልባው መንገዱን ሲጀምር ፍራ ማውሮ በነበረበት፥ ዛሬም የከተማው መካነ መቃብር በሆነው በሳን ሚኬሌ ደሴት አጠገብ ያልፋል። በቶርቼሎ በ639 በተመሠረተው ካቴድራል በምዕራቡ ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ፍርድ፥ በምሥራቁ ደግሞ ልጅዋን የታቀፈች እመቤታችን በባዶ ወርቅ መካከል ብቻዋን ቆማ ትታያለች። እናታችን ተሳልመው ተቀመጡ፤ እኛም አላስቸኰልናቸውም።

ወራቱ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለሚሆን የምግቡ ነገር አስቀድሞ ይታሰብበት። ፎርማጆ የሚለውን ቃል ድሮውንም እናውቀዋለን፤ «ሴንጻ ፎርማጆ፥ ሴንጻ ቡሮ» ማለት ያለ አይብ፥ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ባቄላና ፓስታ አብረው የሚቀቀሉበት ሾርባ ለጾም የተመቸ ይመስላል፥ ነገር ግን አንዳንዱ ወጥ ቤት የአሳማ ጮማ ይጨምርበታልና ሳይጠይቁ አይታዘዝ። ፖሌንታ የተባለው የበቈሎ ገንፎና በዘይት የተጠበሰው ቀይ ሰላጣ ግን ያጠግባሉ። ከሪያልቶ ገበያ ፍራፍሬና አትክልት ገዝቶ በማረፊያ ማዘጋጀት ከሁሉ ይረክሳል።

የመጨረሻው ቀን እሑድ ከሆነ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የግሪኮች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከሳን ዛካሪያ ማቆሚያ ሩቅ አይደለም፤ ያዘነበለው የደወል ግንቡ ምልክት ነው። ከዚያ 1 ቁጥር ጀልባ በታላቁ ቦይ በኩል እስከ ባቡር ጣቢያው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃልና፥ ባቡሩ ከሚነሣበት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ሻንጣ ይዞ መሳፈር ነው።