ላይፍ ጃኬት መቀመጫ አይደለም!

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የከተማ ልጆች ግን ውሃ ዳር ስንደርስ ቀድሞ የሚታየን ፎቶው ነው። መነጽር ማድረግ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ መቆም፣ እጅን መዘርጋት... ባለጀልባው ያንን ብርቱካንማ ነገር ሲያቀብለን ደግሞ "አቦ፣ ይኼን ለብሼማ ፎቶ አልነሳም!" እንላለን። የዛሬው ወሬያችን ስለዚሁ ብርቱካንማ ነገር ነው። መንገዳችን ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል ስለሚያልፍ ትንሽ ታገሱኝ።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ ጓደኛችን እስቴ ውስጥ ይሞሸር ነበርና ስድስት ሆነን ከአዲስ አበባ ሄድን። የሙሽራው ዘመዶች ገሚሶቹ ከጋይንት፣ ገሚሶቹ ከስማዳ መጥተዋል። ቀን ጭፈራው ያሞቃል፤ ማታ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ጉና ብርዱን ይለቅብናል። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን ነው ያደርነው።

አገሩ የወንዝ አገር ነው። እስቴና ስማዳን ከጎጃም የሚለያቸው ዓባይ ነው፤ ስማዳን ከወሎ የሚለየው ደግሞ በሽሎ። ይሁን እንጂ ወንዞቹ የሚሄዱት ከገደል ሥር ነው። ጀልባ የሚባል ነገር እኔ አላየሁም። ያነጋገርኳቸው የደጋ ልጆችም ዋና አይችሉም። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለው ተረት እዚህ ሲደርስ "የዓባይ ልጅ ዋና አያውቅም" ቢባል ያስኬዳል።

እስቴን ከሞጣ የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ ሰምታችሁ ይሆናል። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰና ስሙ "ሰባራ" ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለስልሳ ዓመት ያህል ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት፣ ከወዲያና ከወዲህ ጎበዞች እየጎተቱት ነበር በአየር ላይ የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት ሞላው፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከፍ ተደርጎ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በሠርጉ ዳስ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያንን የገመድ ዘመን ያስታውሱታል።

"አባባ፣ ገመዱን ያልፈለገ ሰውስ በምን ይሻገር ነበር?" አልኳቸው።

"ውሃው እስኪጎድል ጠብቆ፣ በስልቻ ነዋ ልጄ!"

የፍየሉ ቆዳ ሳይቀደድ ይገፈፋል፣ ይለፋል፣ በትንፋሽ ይነፋና አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ደረት ሥር ማቀፍና በእግር መቅዘፍ ነው።

"አይሰምጥም?"

ሳቅ አሉ። "ስልቻው ምን በወጣው ይሰምጣል? የሚሰምጠው ሰው ነው። ክንድህ የደከመ ለት ስልቻው ለብቻው ይሄዳል።"

ይችን ቃል ይዤ ነው ጣና የወረድኩት። የጉና ውሃም የሚወርደው ወደዚያው ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ። ከሠርጉ በኋላ እኛ ስድስታችን፣ ከሙሽራው ዘመዶችም ሁለት ወጣቶች ተጨምረውልን ባሕር ዳር ገባን። የዘጌን ገዳማት ለማየት ሞተር ጀልባ ተኮናተርን።

ባለጀልባው ጃኬቶቹን ከምሮ አመጣ። ደረቱ የቁምሳጥን በር የሚያክለው ጓደኛችን አልቆለፍ ሲለው አጣጥፎ ተቀመጠበት። ቀጭኗ ልጅ ስትለብሰው እስከ ጆሮዋ ወጣባትና "ኤሊ አስመሰለኝ!" ብላ አወለቀችው። እኔ የሽማግሌው ነገር ጆሮዬ ላይ ስላለ ከክምሩ ሦስት ለክቼ የሚሆነኝን አገኘሁ። ጀልባ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የስማዳው ልጅ ደግሞ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ። ሁሉም ሳቀበት።

ጠዋት ጣና መስተዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ግን ነፋሱ ተነሳ። ሞገዱ ጀልባዋን በጎን ይመታት ጀመር፤ ሳቁም ቀረ። ያ ቁምሳጥን የተቀመጠበትን መዝዞ ሊለብስ ቢታገል በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ እጁን ማስገባት አቃተው። ልጅቷ የጣለችው ደግሞ ከሻንጣ ሥር ገብቷል። ተረጋግቶ የተቀመጠው የስማዳው ልጅ ብቻ ነበር። በሰላም ደረስን፣ ተመስገን! ግን መቀመጫ ሥር ያለ ጃኬትና ከክንድ ያመለጠ ስልቻ አንድ ናቸው።

እንግዲህ እናንተዬ፣ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው ስለሚጠላው ሳይሆን ስላልተመቸው ነው። ስለዚህ የሚመቻችሁን ምረጡ። እንዴት አትሉም?

አንደኛ፣ ልክ። ለአዋቂ የሚታየው በተለይ የደረት ዙሪያ ነው፤ ለሕፃን ግን ክብደቱ። ዘለበቱን ሁሉ ቆልፉና ማሰሪያውን አጥብቁ። ከዚያ ጓደኛችሁ ትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭና ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ይወጣባችኋል። ቀጥሎ ቁጭ ብላችሁ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ክንዳችሁንም አዙሩ። ካፈናችሁ ጠባብ ነው። ለሕፃን በእግሮቹ መሐል የሚታሰር ጠፍር ያለው ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ሥራው። ታንኳ የምትቀዝፉ ከሆነ ብብቱ ሰፋ፣ ቁመቱ አጠር ያለውን ያዙ፤ ረጅሙ ቁጭ ስትሉ ወደ አገጭ ይገፋል። ዋና የማይችል ተሳፋሪ ግን ከአንገቱ ኋላ ትራስ ያለውን ይልበስ። እሱ ጭንቅላትን ይደግፋል፣ ፊትንም ወደ ሰማይ ለማዞር ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ። ብዙዎቹ ጃኬቶች ላይ የማንሳፈፍ ጉልበታቸው በኒውተን ተጽፏል። 50 ዋና ለሚችልና ዳር ለማይርቅ ነው። 100 በረጋ ውሃ ዋና ለማይችልም ይሆናል። 150 ሞገድ ላለበት ነው። "እኔ ወፍራም ነኝ፣ አይችለኝም" የምትሉ አትስጉ! ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱን አብዛኛውን ውሃው ራሱ ይሸከምለታል፤ ለጃኬቱ የሚቀርለት ጥቂት ኪሎ ነው። ስብ እንዲያውም ይንሳፈፋል። ለወፍራም ሰው ችግሩ የሚቆለፍለት ልክ ማግኘቱ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ጤንነቱ። ስፌቱ የተተረተረ፣ ዘለበቱ የተሰበረ፣ ጨርቁ በፀሐይ የነጣ ከሆነ መልሱት። ውስጡን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ካልተነፋ ስፖንጁ ሞቷል። የሚገድለው ደግሞ አንዱ መቀመጫ ማድረግ ነው። ዛሬ የተቀመጣችሁበት ጃኬት ነገ ሌላውን ላያነሳው ይችላል።

በጋዝ የሚነፋ ስስ ዓይነትም አለ። ይመቻል፣ አይሞቅም፤ ግን የጋዝ ጠርሙሱ በየጊዜው ካልታየ ከተቀደደ ስልቻ አይሻልም። ጋቢ የለበሳችሁም ጃኬቱን ከላዩ አትድረቡ። ጋቢውን አውልቁ፣ ጃኬቱን በቀጭን ልብስ ላይ አጥብቁ። የረጠበ ጋቢ እጅና እግር ያስራል።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጣና ስትደርሱ ጉዞውን ጠዋት አድርጉት። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም ባለጀልባውን "ለሁላችንም የሚሆን ጃኬት አለህ?" በሉት። ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ያለውንም ወደብ ላይ እያላችሁ ልበሱ፣ ቆልፉ፣ እስክትመለሱ አታውልቁ። ፎቶው እንደሆነ በብርቱካንማም ያምራል። መልካም ሽርሽር!