ውሻችሁን ትታችሁ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ታኅሣሥ ሲገባ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ሻንጣ ማሰናዳት እንጀምራለን። ገናን ከቤተሰብ ጋር አሳልፎ፣ ጥምቀትን አይቶ ለመመለስ ወር ገደማ ይፈጃል። የቤቱ ቁልፍ ለጎረቤት፣ መኪናው ለጓደኛ አደራ ይሰጣል። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ውሻው ነው።

አገር ቤት ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም። ውሻው ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዱ የቤተሰብ አባል ቢሄድ ሌላው ይቀራል፤ ጎረቤትም ያውቀዋል። እዚህ ግን አፓርታማ ውስጥ አብሮን ይኖራል። እኛ ስንወጣ ቤቱ ኦና ነው። ይዞት መሄድም ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በሲዲሲ፣ መዝገብ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከዚያ የሚመለስ ውሻ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። እዚህ የተከተበ ከሆነም የክትባት ወረቀቱ ከመሄዱ በፊት በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት መጽደቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንመርጠው የውሻ ማቆያውን፣ ቦርዲንጉን ነው።

ለልጅ «እመለሳለሁ» ይባላል። ለውሻ ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም። እሱ የሚያየው እናንተ በር ዘግታችሁ ስትሄዱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሁሉ እንግዳ ነው፦ ሽታው፣ ወለሉ፣ የምግብ ሰዓቱ፣ አጠገቡ የሚጮኹት ውሾች። በመጠለያዎች የተደረጉ ልኬቶች ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል እንደሚያልፍ አሳይተዋል። ማይክል ሄነሲና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን መጠለያ ከገቡ ገና ሦስት ቀን ባልሞላቸው ውሾች ላይ ከፍ ብሎ፣ ከዘጠኝ ቀን በላይ በቆዩት ላይ ግን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። መጠለያና ማቆያ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ጋ ግን የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው።

በእነዚያ ቀናት ምግቡን ላይነካ ይችላል። ይንቆራጠጣል፤ ሳይሞቀው ያለከልካል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ከንፈሩን ይልሳል፤ ሰገራው ይላላል። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወደ ሳህኑ ይመለሳል፤ ለሽርሽር የሚያወጣውን ሠራተኛ ኮቴ መለየት ይጀምራል፤ ቀኑ ሥርዓት እንዳለው ሲገባው ይተኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላ ወይም ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ማንን እንደሚጠሩና እስከ ስንት ብር እንዲያሳክሙት እንደምትፈቅዱ ከመሄዳችሁ በፊት ጽፋችሁ ስጡ።

አጥብቄ የምለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ውሻው ማቆያውን መልመድ ያለበት እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ነው። በ2007 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ማቆያ ውስጥ ማደርን አስቀድመው የተለማመዱ ላብራዶሮች በኋላ ሲገቡ የኮርቲሶል መጠናቸው ካልተለማመዱት ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን አውሉት፣ ቀጥሎ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ከዚያም ቅዳሜና እሁድን። በቃል ልንነግረው ያልቻልነውን ያኔ በተግባር እንነግረዋለን፤ ትተውኝ ሄዱ፣ ተመልሰውም ወሰዱኝ። ይህን ደጋግሞ ያየ ውሻ ወሩን የሚጀምረው የሚያውቀው ቦታ ላይ ነው።

ክትባቱም ቀድሞ ይታሰብበት። ማቆያዎች የእብድ ውሻ፣ የዲስተምፐርና የፓርቮ፣ እንዲሁም የኬነል ሳል መከላከያ የቦርዴቴላ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቦርዴቴላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርፌ ሲሰጥ በሳምንታት ልዩነት ሁለቴ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጡበት ነገር አይደለም።

የለመደውን ምግብ ለወሩ የሚበቃ አድርጋችሁ ላኩ፤ ድንገት ምግብ መለወጥ ሆዱን ይበጠብጠዋል። የለበሳችሁትን ሹራብ ሳታጥቡ ጨምሩለት። አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የግሪጎሪ በርንስ ቡድን በ2015 ባሳተመው የአንጎል ምስል ጥናት፣ ከቀረቡላቸው ሽታዎች ሁሉ ደስታን ከመጠበቅ ጋር የሚያያዘውን የውሾቹን የአንጎል ክፍል ይበልጥ ያነቃቃው የሚያውቁት ሰው ሽታ ነበር። ሌላም የእኛው ጉዳይ አለ፤ ብዙዎቻችን ውሻችንን የምናዘው በአማርኛ ነው። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» የሚሉትን ሠራተኛው በሚያነበው ፊደል ከነትርጉማቸው ጻፉለት። ቢያንስ ውሻው የሚታዘዝበት ቃል ቤት ከለመደው ጋር አንድ ይሁን።

ስትመለሱ ዘሎ ይጠመጠምባችኋል፤ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን ይተኛል። አኩርፎ አይደለም። በጩኸት መሀል በደንብ ሳይተኛ ከርሞ ነው። ለጥቂት ቀናት ከክፍል ክፍል ቢከተላችሁ አትቆጡት።

«ለውሻ ይህ ሁሉ?» የሚሉ ዘመዶች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። መልሴ ቀላል ነው። ውሻው ከእኛ ጋር ልኑር ብሎ አልጠየቀንም፤ ያመጣነው እኛ ነን። ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ማቆያዎች በታንክስጊቪንግና በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ቀድመው ይሞላሉና ዘንድሮ የምትሄዱ ሁሉ፣ ትኬት በቆረጣችሁበት ሳምንት የመለማመጃዋንም ሌሊት ቀጠሮ ያዙ።