የገዳሪፍ ቤቶች ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል?

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፥ ብርዱን ከኋላው ትቶ በቆላው ሙቀት ውስጥ እየገባ በሄደ መጠን ተራራው ሲያንስ ሜዳው ሲሰፋ ያያል። መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ጠባብ የደረቅ ወንዝ ብቻ ነው፤ ያን የተሻገረ እንደ ሆነ የሱዳንን ምድር ረገጠ ማለት ነው። ከዚያም እስከ ገዳሪፍ ድረስ ዓይን እስኪደክም የሚታየው የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ነው።

ወደ ገዳሪፍ የገባ እንግዳ በጡብ ቤቶች ግድግዳ ላይ፥ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ሲያይ፥ «እዚህ አገር ምድር ትናወጣለች ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የምድር ቅርፊት በታላላቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። በአፋር ሦስት ገበታዎች ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እየሰፋ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ቋጥኙ እንደ እርጥብ በትር ይለመጣል፤ መቻል ባቃተውም ጊዜ በድንገት ተሰብሮ ይንሸራተታል፤ ከስብራቱም ማዕበል ወደ አራቱም ማዕዘን ይሄዳል። ፊተኛው ማዕበል ፈጣን ነው፤ ቤት የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን እያወዛወዘ ኋላ የሚደርሰው ነው። በ1961 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፥ በ1969ም ሰርዶን የደመሰሰው ይኸው ነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው መናወጥም ብዙ ሺሕ ሰው ቀዬውን ለቅቋል።

ገዳሪፍ ከሰርዶ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሥሯ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከኢትዮጵያ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ወንድማማች ሲሆን፥ ከቀዘቀዘ እጅግ ረጅም ዘመን አልፎታል። ሜዳው የተኛው ከገበታው ጠርዝ ርቆ ስለ ሆነ ብርቱ መናወጥ እምብዛም አይጎበኘውም።

ታዲያ ግድግዳውን የሚሰነጥቀው በድንጋዩ ላይ የተነጠፈው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከአንደኛው ማዕዘን በታች አብጦ ከሌላው በታች ሲኮማተር መሠረቱ ይጣመማል፤ ግድግዳውም ይቀደዳል። መለያውም ቀላል ነው፦ የመረሬ ስንጥቅ ከወቅቱ ጋር ቀስ እያለ ይሰፋል፥ ይጠባል፤ የምድር መናወጥ ግን ሰፈሩን ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ይመታል። ሣር ክዳን የለበሰችው ክብ ጎጆ ቀላልና ተለማጭ ስለ ሆነች ሁለቱንም ትችላለች፤ እንዲያውም በዚህ ረገድ ከጡብ ቤት ትሻላለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ሱዳንን ፈጽሞ አትናወጥም ማለት አይገባም። በሜይ 1990 በጁባ አካባቢ (ያን ጊዜ የሱዳን ክፍል ነበረች) መጠኑ ከ7 በላይ የሆነ መናወጥ ደርሷል፤ በኦገስት 1993ም የካርቱም አካባቢ ተናውጧል። ለስላሳ አፈር ደግሞ ከሩቅ የመጣውን ማዕበል ከቋጥኝ ይልቅ አብዝቶ ያወዛውዛል። እንግዲህ መረሬው ሁለት ጊዜ ባለዕዳ ነው።

በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ስለ ገባ፥ በዚያ አገር የመጠለያ ነገር ብርቱ ጉዳይ ሆኗል። በመረሬ ላይ በችኮላ የጡብ ግድግዳ የሚያቆም ሰው መሠረቱን አፈሩ ከሚያብጥበትና ከሚኮማተርበት ጥልቀት በታች ማውረድ፥ የሚቻልም ከሆነ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ አለበት። የጣራው ውሃ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ መቅደድ፥ ከግድግዳውም አናት ላይ ዙሪያውን አራቱን ማዕዘን የሚያያይዝ የብረትና የሲሚንቶ ማሰሪያ ማዞር ያስፈልገዋል።