ስርጉድ

«ስርጉድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቴ ጉንጭ ነው። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ ሽምብራ የምታህል ጎድጓዳ ብቅ ትልና ሳቋ ሲያበቃ ትጠፋለች። ጎረቤቶቻችን «ስትስቅ ስርጉድ ይላል» ይሉላት ነበር። እኔም ቃሉ ለእርሷ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ መምህራችን ቃሉን ከእናቴ ወስደው ለመስታወት ሰጡት። የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ሆዱ ስርጉድ ነው፤ ጀርባው እብጥ ነው» አሉን። ስርጉድ መስታወት ከሩቅ የመጣለትን ብርሃን ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል፤ እብጡ ይበትነዋል። ስርጉዱን በጣም ሲጠጉት መልክን አግዝፎ ያሳያል፤ ሲርቁት ይገለብጠዋል። ያን ማታ ማንኪያውን ለእናቴ አሳየኋት። ራሷን ተዘቅዝቃ ስታይ ሳቀች፤ ስርጉዱም መጣ።

ቃሉ ግን ሌላም ቤት አለው። የወደቀ ጣሳ፣ የተጋጨ የመኪና በር ስርጉድ ነው። የታመመ ሰው ጉንጭም እንዲሁ። አማርኛ ልዩነቱን በግሱ ላይ ያኖረዋል፦ «ስርጉድ ይላል» የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ «ሰርጉዷል» መጥቶ የቀረ ነው።

እናቴ አልጋ ከያዘች በሦስተኛው ወር፣ ሁለት ጠያቂዎች በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጉንጯ ሰርጉዷል» ሲባባሉ ሰማሁ። ተቀየምኋቸው። የተቀየምሁት ስለዋሹ አልነበረም፤ እውነቱን በዚያ ቃል ስለተናገሩት ነው።

በቀብሯ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፍ ዕጣ ለእኔ ወጣ። የተወለደችበትን ዘመን፣ ያሳደገቻቸውን ልጆች ካሰፈርሁ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ይል ነበር። አክስቴ ረቂቁን ሳነብላት፣ «ልጄ፣ እሱን ቃል አውጣው። ሰው ትዝ የሚለው የመጨረሻ መልኳ ነው» አለችኝ። አልተከራከርሁም። ሰርዤ «ፈገግታ ከፊቷ የማይለይ» ብዬ ተካሁት። ይህ ያልተነበበለት ሟች ጥቂት ነው። ለቀስተኛው አለቀሰ፤ እኔ ግን የማላውቃት ሴት የምትቀበር መሰለኝ።

በግእዝ «ሥርጉት» የሚባል ቃል አለ፤ የተሸለመች፣ ያጌጠች ማለት ነው። የሴት ስም ሆኖም እናውቀዋለን። ከስርጉድ ጋር የሚያቀራርበው ድምፁ ብቻ ነው፤ የሥር ዝምድና የላቸውም። ይህን እያወቅሁም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ እጽፋቸዋለሁ። በአንዲት ሴት ጉንጭ ላይ አንድ ሆነው አይቻቸዋለሁና።

አክስቴ አልተሳሳተችም። እናቴ ከራቀችኝ ወዲህ ነገሩ እንደ ማንኪያው ሆድ ተገልብጧል፤ ሳስባት ቀድሞ የሚመጣው የአልጋው ላይ ፊቷ ነው፤ ሳቋ ዘግይቶ ይደርሳል። ይደርሳል ግን። ስለዚህ ያን ቀን የሰረዝሁትን ዛሬ እመልሰዋለሁ፦

ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ይል ነበር።