ከሰልባጅ የወጣ ክር

መርካቶ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ሰው ሁሉ የሚሻማው ለሚለበሰው ነው። እኔ የምፈልገው የሚተረተረውን ነው። ባለፈው ወር ክርኑ የተቀደደ ትልቅ የወንድ ሹራብ በ150 ብር ገዛሁ። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ እኮ አይለበስም» አለኝ፤ ደግ ሰው ነው።

እናንተም ከሞከራችሁ መጀመሪያ ሹራቡን ገልብጡና ስፌቱን እዩ። ጎኑ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተሰፋ ከሆነ ተዉት፤ ስትተረትሩት ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ቤት ስትገቡ ከክሩ ትንሽ አቃጥሉ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ከቀለጠ ሰው ሠራሽ ነው። (እዚያው ገበያ መሃል ክብሪት አትጫሩ፤ እኔን ተቆጥተውኛል።) ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ስቀሉት፣ የተጠማዘዘው ይቃናል።

የእኔ 420 ግራም ወጣው። ለልጄ ሹራብና ኮፍያ ይበቃል፤ ቃልም ገብቼላት ነበር። እናቴ ግን ክሩን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «እንዲህ ባለው ነበር የምሠራላችሁ» አለች። ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ የሹራብ መርፌ አልጨበጠችም። ክረምቱም ደርሷል፤ ትከሻዋን ይበርዳታል።

ለእሷ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ጀመርኩ። ልጄ አኩርፋለች፤ ከተረፈ ኮፍያ እሠራልሻለሁ ብያታለሁ። እናቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ «አላላሽው፣ ፍቺው» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ።