ቀኑ ሲያልፍ ሰብሉ ይለወጣል

ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 25 ያለው ወር ለአዊ ዞን ገበሬ ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የጸደይ መግቢያ ትለዋለች፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው በልግ ውስጥ ይቆጥሩታል። ነገር ግን በልግ በዳንግላና በእንጅባራ እንደ ወሎና እንደ ሰሜን ሸዋ ደጋዎች ዋና ተስፋ የሚጣልበት የሰብል ወቅት አይደለም። ጎተራ የሚጎድልበት፣ ጭድ የሚያልቅበት፣ የጉድጓድ ውኃ ወደ ታች የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ሰማዩም ጠዋት የተናገረውን ማታ ይሽራል። እርግጡ ባልታወቀ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የተማርኩት በዚህ ወር ነው።

ያደግሁት ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ለሥራ ባሕር ዳር ከገባሁ በኋላ፣ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ቤተሰቤን የማየው በበዓል ነበር። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል እናቴ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ከሰውነቷ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን። «ቤቴ ሆኜ ልጠብቅ» አለች። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ።

የሚመጣውን አስቀድሜ ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ሌሊቱን ውጤቱ ክፉ ከሆነ የሚሆነውን፣ ደግ ከሆነ የሚሆነውን ሳሰላ ይነጋብኝ ነበር። ሲነጋ ደግሞ ፈገግ ብዬ ቁርሷን አቀርብላታለሁ። መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ወሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ይበረታል፤ በሚያዝያ 12 ገደማ ፀሐይ ከዳንግላ አናት ላይ ቀጥ ስለምትል የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ከቀትር በኋላ ነፋስ አቧራ ያነሣል፤ በእንጅባራ በኩል ደመና ይቆለላል፤ ያጉረመርማል። አንዳንድ ቀን ጥቂት አካፍቶ ይበተናል። አንዳንድ ቀን በረዶ ቀላቅሎ ለአንድ መንደር ብቻ ይዘንብና ጎረቤቱ መንደር ከነአቧራው ያድራል። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ግን ከእርሷ ወደ ኋላ ዘግይቶ ነው። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ጸንቶ እስኪገባ ድረስ ደረቁና እርጥቡ ሲገፋፉ ይሰነብታሉ። የሚያዝያ ሰማይ የሚዋልለው ለዚህ ነው። በዞኑ ውስጥም ወሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጅባራ 2,500 ሜትርን ታልፋለች። የዳንግላ ገበሬ በቆሎና ዳጉሳ ሲያስብ በእንጅባራ ዙሪያ ያለው የባንጃ ደገኛ ገብስና ድንች ያስባል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጠዋት አየሩ ሁሉ አፈር አፈር ይሸታል። የእናቴን ወንድም፣ መሬታችንን በእኩል የሚያርሱትን አጎቴን፣ ማሳው ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«እሰይ፣ ዘነበ! አይዘሩም እንዴ?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ጫሩት። ከላይ እርጥብ ነው፤ ከሥር ደረቅ። «ይሄ አቧራ ማስተኛ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ዘር የሚያበቅል ዝናብ አለ፤ ዘር የሚያሳድግ ዝናብ አለ። ይሄኛው አብቅሎ ጥሎ የሚሄደው ነው።»

በኋላ ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር፣ 50,000 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 20 ሊትር 2,500 ጀሪካን ማለት ነው። ብዙ ነው። ግን በዚህ ወር ፀሐይና ነፋስ በቀን እስከ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ሊያተኑ ይችላሉ። ተከታይ ዝናብ ካልመጣ ያ ሁሉ ጀሪካን ሳምንት ሳይሞላው ሊጠፋ ይችላል። አጎቴ ሊትር አይቆጥሩም፤ ጣታቸው የነገራቸው ግን ይህንኑ ነው። እውነትም ከዚያ ማታ በኋላ ሰማዩ ለብዙ ቀን ዘጋ።

ውሳኔው የሚከብደው ደግሞ ዘሩ ውድ ስለሆነ ነው። በዳንግላ አካባቢ የሚዘራው እንደ ቢኤች 660 ያለ ዲቃላ በቆሎ ካለፈው ምርት ለዘር አይቀመጥም፤ በየዓመቱ ይገዛል። ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ስለሚወስድ ቶሎ መዝራት ይፈለጋል። ቸኩለው ዘርተው ዝናቡ ከከዳ ግን ዘሩም ገንዘቡም መሬት ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ የተሸከሙት አጎቴ እንደ እኔ ሲገላበጡ የሚያድሩ መስሎኝ ነበር። ሚስታቸውን ብጠይቃት ራሳቸውን ትራስ ላይ እንዳሳረፉ እንደሚተኙ ነገረችኝ። እንዴት ነው የሚችሉት ብዬ እርሳቸውኑ ጠየቅኋቸው።

«ዝናቡ ፈጥኖ ከጸና ታችኛው ማሳ በቆሎ ነው» አሉኝ። «ከዘገየ ዳጉሳ ነው፤ ዘሩ ጎታ ውስጥ አለ። የዳጉሳው ጊዜም ካለፈ ሐምሌ ላይ ጤፍ አለ። ቀኑ ሲያልፍ ሰብሉ ይለወጣል እንጂ እርሻው አይቀርም።»

እስከዚያን ቀን በፊቴ የነበሩት ሁለት መንገዶች ብቻ ነበሩ፤ ወይ ማወቅ፣ ወይ መጨነቅ። አጎቴ ሦስተኛ መንገድ አሳዩኝ። የሚያዝያን ሰማይ አውቀዋለሁ አይሉም። ለየትኛው ሰማይ ምን እንደሚያደርጉ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በደረቁ ቀናትም እጃቸውን አጣጥፈው አላየኋቸውም። ያ «አቧራ ማስተኛ» ያሉት ዝናብ መሬቱን ለማረሻ አላልቶት ስለነበር ገመሳውን ጨረሱ። ሞፈሩ ተቀየረ፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ተጠረገ፤ የዳጉሳው ዘር ከጎታ ወጥቶ ተነፈሰ። የቀረችው ጥቂት ጭድ ለከሱት የእርሻ በሬዎች ብቻ ተለየች። ለወንፈል ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም ዝናቡ የሚገባበትን ቀን ማወቅ አይጠይቅም።

በዚሁ በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንጊሽታ ቀበሌ፣ ገበሬዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ በየጊዜው እየለኩ መዝግበዋል። መዝገባቸው ሲመረመር ከመደበኛ ጣቢያ መረጃ ጋር የሚተካከል፣ ከሳተላይት ግምትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በዳንግላ ከዓመቱ ዝናብ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወር የምንሳሳለት ዝናብ በመጠኑ ጥቂት ነው፤ ዋናው ገና በመንገድ ላይ ነው። እኔም ደብተር ገዝቼ የየዕለቱን ሰማይ መጻፍ ጀመርኩ። ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ነፋሱ መቼ እንደተነሣ፣ ጠብታ መጣሉንና አለመጣሉን ጻፍኩ። መጻፌ ዝናብ አላመጣም፤ የፈራሁትን ከሆነው ለይቼ እንዳይ ግን ረዳኝ።

በዚያው ደብተር የእናቴንም ነገር ጻፍኩ። ውጤቱ ክፉ ከሆነ ሕክምናው የት እንደሚሰጥ፣ ማን አብሯት እንደሚያድር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ፣ ላሟ ማን ዘንድ እንደምትቆይ። ደግ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ቀጠሮዋና የዕረፍቷ ነገር። ያም ሆነ ይህ የማይቀር ሥራም ነበር፤ በደንብ መብላቷ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመዷ፣ የቁስሏ ንጽሕና። ይህ የዕለቱ ገመሳ ነበርና ያዝኩት። አንድ ማታም መፍራቴን ነገርኳት።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችኝ። «አንቺ ስትስቂ ሳይ ብቻዬን የፈራሁ መስሎኝ ነበር።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን የሁለታችን ሆነ። የሚዘጋጀውንም አብረን አዘጋጀን።

ግንቦት ላይ ውጤቱ መጣ። ዕጢው ክፉ ነበር፤ ሆኖም ሳይሰራጭ ተወግዷል፣ ተከታይ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባልን። ከሁለቱ ዝርዝሮቼ ከአንዱም ጋር ልክ አልገጠመም። ግን አጃቢዋ ታውቋል፤ ገንዘቡ ተሰብስቧል፤ ላሟም ማደሪያ አላት። ወዲያው መንገድ ጀመርን። ዝናቡም ዘግይቶ ስለጸና ታችኛው ማሳ በዚያ ዓመት ዳጉሳ ሆነ። እናቴ ዛሬም አለች፤ ክትትሏንም አላቋረጠችም።

ይህ ትምህርት ከእኛ ቤት ይሰፋል። በጎረቤታችን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለዓመታት ዲከረንስ የሚባለውን ግራር እየተከሉ ከሰል ሲሸጡ ኖረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘሩ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዱ ነበር፤ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ይከሰል ነበር። በአሲዳማነት የተጎዳ መሬታቸው እንዲያገግም ያደረገ፣ ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሰ ብልሃት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ዛፉን የሚያደርቅ የዋግ በሽታ ተነሣ። መሬቱን ሁሉ ለዲከረንስ የሰጠ ገበሬና ከጎኑ ድንችና ገብስ ያስቀረ ገበሬ ይህን ጊዜ እኩል አልተጎዱም። ሁለተኛ ሰብል መያዝ የጥርጣሬ ምልክት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ቤተሰብን መውደድ ሆኖ ይታየኛል።

ነገር ግን መዘጋጀት አቅም ይፈልጋል። አጎቴ በሰላም የሚተኙት ጎታቸው ውስጥ የዳጉሳ ዘር ስላለ ነው። የዘር እህሉን በሚያዝያ ለልጆቹ ያስፈጨ ገበሬ ምርጫ የለውም፤ የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ያለውን ሁሉ ይበትናል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ የምሥራቁንና የሰሜኑን ዝናብ ሲያስቀር፣ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። ለእነዚያ ቤቶች «ተዘጋጁ» የሚል ምክር ብቻውን ምን ይፈይዳል? አማራጭ ዘር፣ ለኖራና ለማዳበሪያ የሚሆን ብድር፣ ለየወረዳው የሚደርስ የአየር ትንበያ፣ እነዚህ የመንግሥትም የእኛም ዕዳ ናቸው።

የገጠር ልጆች ሆነን ከተማ የምንኖር ብዙ ነን። ሚያዝያ ላይ ስልክ እንደውልና «ዘነበ?» እንላለን። ዝናቡን ማናችንም አናመጣውም። እኔ አሁን የምደውለው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ የምጠይቀውም «ለበቆሎው ምን ጎደለ? ለዳጉሳውስ?» ብዬ ነው። ለፋሲካ በግ ከምልከው ገንዘብ ከፊሉን አስቀድሜ ለዘር እልካለሁ። በራሴም ኑሮ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ሌሊቱን በግምት አላነጋም፤ ከሆነም ካልሆነም የሚያስፈልገውን ሥራ ፈልጌ በእርሱ እጀምራለሁ። ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ፣ ውጤት ለሚጠብቅ፣ ሥራ ለሚጠብቅ፣ ከሩቅ አገር ወሬ ለሚጠብቅ፣ የምለው ይህንኑ ነው፦ መሬትህን ገምስ፤ ሁለተኛ ዘር ያዝ፤ ፍርሃትህን ለምትወደው ሰው ንገር።